ሰዓቱ በመስኮት፣ መኪናው በበረንዳ

ሰውየው የፋንታን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ «እግዜር ያጽናህ፣ እግዜር ያጽናህ» ሲል የኮቱ እጅጌ ሸሸና ሰዓቱ ብቅ አለ። ቢጫ ነው፤ ወርቅ ቅብ፣ ያውም ቅቡ ባንድ በኩል የተላጠ። ፋንታ ዐይኑን ከሰዓቱ ላይ መንቀል አቃተው። ሐዘንተኛ መሆኑን፣ ድንኳን ውስጥ መቀመጡን፣ ሰው ሁሉ እሱን እንደሚያይ ረስቶ አንገቱን ቀለስ አድርጎ ያያል። ሰውየው ደግ ሰው ኖሮ ነገሩ የገባው መሰለው። ሰዓቱን ወደ ዐይኑ አቅርቦ፣ «አምስት ሰዓት ሊሆን ነው፣ አያ ፋንታ» ብሎ ነገረው።

እንግዲህ ይህ በለቅሶ ቤት የሚደረግ ነው? የሚስቱ ሣልስት የወጣው ገና ትናንት ነው። ከማዶ ምንጣፉ ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የተቀመጡት ሴቶች ተያዩ፤ አንዷ ወደ ሌላዋ ጆሮ ጠጋ አለች። ንፍሮ የሚያዞረው የእድሩ ሰው ሳይቀር ቆም ብሎ ገረመመው። ፋንታ ግን ስንት ሰዓት እንደሆነ ቢነገረውም አልሰማም። የእሱ ጉዳይ ከጊዜው ጋር አልነበረም። እሱ ማወቅ የፈለገው ሰውየው በምን እንደመጣ ነበር። ድንኳኑ ደግሞ ዙሪያውን በሸራ ተጋርዷል፤ ከውስጥ ሆኖ የውጭው አይታይም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሟቿ ውበቴና ፋንታ ሞጣ ላይ፣ ወደ ባሕር ዳር በሚያወጣው መንገድ ዳር አንዲት ሱቅ ነበረቻቸው። ሱቋ የውበቴ ናት። ፋንታ በረንዳው ላይ የስፌት መኪናውን ዘርግቶ የሰው ሱሪ ያጠብባል፣ የተማሪ ቀሚስ ያስረዝማል። የሱቋ በር በጓሮ በኩል ነው፤ በመንገዱ በኩል ያለችው ሽቦ የተመታባት መስኮት ብቻ ናት፣ ከሥሯ እጅ የምታስገባ ክፍተት ያለባት። ስለዚህ ውበቴ የገበያተኛውን ፊት እምብዛም አታይም፤ እጁን ነው የምታይ። ውሃ የጠማውም፣ ብስኩት ያማረውም፣ የስልክ ካርድ ያለቀበትም እጁን ያስገባል። እጁ ላይ ሰዓት አለ፣ ወይም የለም። ፋንታ ደግሞ በረንዳው ላይ ሆኖ እጁን አያይም። የሚያየው መንገደኛው ከምን መኪና ወርዶ ወደ ምን መኪና እንደተመለሰ ነው።

አንድ ቀን፣ ገና በተጋቡ ሰሞን፣ ውበቴ በመስኮቷ ጠራችው።

«ይኼ አሁን የሄደው ሰው በምን መጣ?»

«በጋሪ።»

«ዋሽተሃል።»

«ምን አስዋሸኝ?»

«የእጁ ሰዓት እኮ የሚኒስትር ነው!»

ሲስቁ ዋሉ። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ልማድ ሆነ። እሷ ሰዓቱን ትናገራለች፣ እሱ መኪናውን ይናገራል፤ ከዚያ ይፈርዳሉ፦ ገጠመ፣ ወይም አልገጠመም። ጋሪው በባጃጅ ተተካ፣ ላንድሮቨሩ በሃይሉክስ፣ አሮጌው አውቶቡስ በዶልፊን። ሰዓቱም እንዲሁ መልኩን ለዋወጠ። እነሱ ግን አልሰለቻቸውም። ልጅ አልነበራቸውም። ልጅ ያለው ሰው ራት ላይ የልጁን ነገር ያወራል፤ እነሱ የሰው እጅና የሰው መኪና ያወሩ ነበር።

ውበቴ የራሷ ፍርድ ነበራት። ሰዓቱ መኪናውን ከበለጠ፣ ሰውየው ወይ ፍቅር ይዞታል ወይ ሰዓቱን ከወንድሙ ተውሶ ነው። መኪናው ሰዓቱን ከበለጠ ደግሞ መኪናው የመሥሪያ ቤት ነው፤ ሰው ለራሱ የሚያስረው የራሱን ነው ትላለች። ፋንታ እሺ አይልም። ሰው ለሰው የሚዘረጋው እጁን ነው፣ መኪናውንማ ውጭ ያቆመዋል፤ ስለዚህ ለታይታ የሚሆነው ሰዓቱ ነው ብሎ ይሟገታል። በዚህ ስንት ክረምት ተከራከሩ መሰላችሁ! ባለሰዓቱን ጠይቆ መገላገል ይቻል ነበር፤ እሱ ግን በሕግ ክልክል ነው። ሕጉን ያወጣችው ራሷ ናት። ከጠየቁማ ምን ጨዋታ አለ?

አንድ ጊዜ ሹፌር የሚነዳለት ትልቅ ሰው ከላንድክሩዘር ወርዶ እጁን ሲያስገባ፣ ያሰረው ሐምራዊ የሕፃን ሰዓት ነው፤ ላስቲክ፣ ጥንቸል የተሣለበት። ፋንታ ይህን ሲሰማ መቀሱ ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ። ውበቴ አልሳቀችም። «ልጁ ናት ያሰረችለት» አለች፤ «ቶሎ እንዲመለስላት።» ከዚያ ዞር ብላ የተደረደረውን ብስኩት እንደገና ስትደረድር ቆየች።

ሌላ ቀን ደግሞ፣ በዚህ በቅርቡ፣ መንገዱ ተዘግቶ ባጃጅ እንኳ ከከተማው ጠፍቶ፣ አስፋልቱ መሐል ውሻ ተኝቶበት ሳለ፣ ባዶ እጇን በመስኮቷ አወጣችለት።

«የእኛስ? ሰዓት የለን፣ መኪና የለን።»

ፋንታ አሰብ አደረገና፣ «እንግዲያማ ከእኛ በላይ የገጠመ የለም» አላት።

እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ያ ሳቋ ነው አሁን ድንኳኑ ውስጥ ጆሮው ላይ የቀረው። የቀበሯት በዚሁ ሳምንት ነው፤ ሰው ባንድ ሳምንት ይናፍቃል? ይናፍቃል። ፋንታን የገደለው ናፍቆቷ ነው። የሚጨብጠው እጅ ሁሉ እሷ ዘንድ ሊደርስ የሚገባው ወሬ ይመስለዋል። ወርቅ ቅብ ነው፣ የተላጠ ነው ብሎ ይሰንቅላታል፤ ከዚያ የሚነግራት እንደሌለች ትዝ ይለዋል። ደግሞ ነገሩ ሁሉ ተገለባብጦበታል። ድሮ መኪናውን አይቶ ሰዓቱን ከሷ ነበር የሚሰማ፤ ዛሬ ሰዓቱ በፊቱ ነው፣ መኪናውን የሚነግረው ጠፋ።

ሞጣ ግን ይህን ከየት ታውቃለች? ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ ነውና ነገሩ ከድንኳኑ ወጥቶ ገበያ ገባ። ፋንታ ሰዓት ይቆጥራል አሉ። ለቅሶው ረዝሞበታል፣ ዐይኑ አንዲት እንባ አላወጣም፣ ማን ያውቃል ያሰባትም ሴት ትኖር ይሆናል አሉ። ይህን ያመጣለት ጎረቤቱ ሐምዱ ነው። ሐምዱ ጨርቅ ነጋዴ ነው፤ ለሶላት ካልሆነ ከድንኳኑ ንቅንቅ ሳይል ነው የሰነበተ። ጠጋ ብሎ፣ ሰው ሲጨብጥህ ፊት ፊቱን እይ፣ ለሰው አፍ አትመቻች ብሎ መከረው። ፋንታም እሺ ብሎ ሞከረ። ቀጥሎ የመጣውን ሰው ግንባሩን አየ፣ ጺሙን አየ። ሰውየው ሊሰናበት እጁን ሲዘረጋ ግን ዐይኑ እንደ ውሃ ቁልቁል ወረደ።

ከወሬው ሁሉ የከበደው የይርጋነሽ ዐይን ነበር። ይርጋነሽ የውበቴ ታላቅ እህት ናት፤ ኑሮዋ ቢቸና ነው። መርዶው ሲደርሳት የቢቸናው መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ለቀብሩ አልደረሰችም። ባለቀ ሰዓት ግማሹን መንገድ በአይሱዙ ጭነት ላይ፣ ግማሹን በእግሯ መጥታ መቃብሩ ላይ ነው የወደቀችው። ከዚያ ጀምሮ ከፋንታ ትይዩ ተቀምጣ ታየዋለች። እሱ የሰው እጅ ያያል፣ እሷ እሱን ታያለች።

በዚያው፣ ባለወርቅ ቅቡ ሰዓት በመጣበት ቀን፣ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲበረታ ለቀስተኛው ተበታተነ። ሴቶቹም ወደ ማጀት ገቡ። ይርጋነሽ ብቻ አልተነሣችም።

«አርባዋን ቢቸና ነው የማወጣ» አለች። «ካባታችን ደብር።»

ፋንታ ደነገጠ። ተዝካሯ ከቤቷ ከወጣ ምን ሊቀረው ነው? የሞጣ ሰው ያችን መስኮት እያየ ነፍስ ይማር እንዲልላት፣ ቄሶቹ እዚሁ በረንዳዋ ላይ እንዲቀመጡላት ነበር ሐሳቡ። ለዚህ ያለችውን በግ እንኳ አስቦ ጨርሷል።

«ቤቷ እኮ እዚህ ነው፣ እትዬ።»

«ሰዓት እየቆጠርክ የምትሸኛት ቤት?» አለችው። ልትቆጣ ነበር፤ እንባዋ ቀደማት። «እኔ አፈሯን ነው የደረስኩ። ያየሃት አንተ ነህ፣ የሰማሃት አንተ ነህ። መጨረሻ ምን አለች ብዬ ብለምንህ አፍህን ዘጋህብኝ። ክፉ ቃል ትታልኝ ነው? ንገረኝና ልወቀው።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ፋንታ ይህን ፈርቶ ነው እስከዛሬ ዝም ያለው። የሰው የመጨረሻ ቃል ኑዛዜ ነው፣ ምርቃት ነው፣ አደራ ነው። የውበቴን ቃል ለዚች ሴት እንዴት ብሎ ይነግራታል? ዝም ቢል ግን አርባዋን ሊያጣ ነው። ይርጋነሽም ዕድሜ ልኳን እህቴ ረግማኝ ሞተች ስትል ልትኖር ነው።

ስለዚህ ነገራት። ከመስኮቷና ከበረንዳው ጀምሮ፣ ገጠመና አልገጠመም የሚሉትን፣ የተጣሉበትን፣ የሳቁበትን ሁሉ ነገራት። ይርጋነሽ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማች። ከዚያ ደም ግፊት ውበቴን ድንገት ወደጣላት ቀን ደረሰ። የባሕር ዳሩ መንገድ ያን ቀን ክፍት ስለነበር ፋንታ አስፋልቱ ላይ ወጥቶ እጁን አወዛወዘ፤ አንድ የማያውቀው ሰው ቆመለት። ወደ ሐኪም ሊያደርሷት አንሥተው ከኋላ አስገቧት፣ ጭኑ ላይ አስተኛት።

«አዴት ሳንደርስ ዐይኗን ገለጠች» አለ ፋንታ። «የሹፌሩ እጅ መሪው ላይ ነበር፤ አየችው። ከዚያ የመኪናውን ጣራ አየች፣ በሩን አየች። ሳቅ አለች፣ እትዬ። ‹አልገጠመም› አለችኝ። ሌላ ቃል አልወጣትም።»

ይርጋነሽ ነጠላዋን ከአፏ አንሥታ፣ «ሰዓቱ ምን ዓይነት ነበር?» አለች።

«እኔ እሷን ነበር የማይ። ሰዓቱን አላየሁ፣ መኪናውን አላየሁ። ቀይ ይሁን ጥቁር አላውቀውም። ዕድሜዬን ሙሉ መኪና ሳይ ኖሬ ያን ዕለት ታወርኩ። እሷ ሁለቱንም አየች፤ እኔ አንዱንም።» ወደ ሸራው በር አየ። «ሰውየው ለቅሶ ሊደርስ ይመጣ ይሆናል እላለሁ። እጅ እጅ የማየው ለዚያ ነው፤ ሰዓቱ ከመኪናው ያልገጠመውን ሰው ልፈልግ። መልኩን ባየው አላውቀውም።»

ይርጋነሽ ነጠላዋን መልሳ አዘቀዘቀች። ተነሥታ ወደ ማጀት ገባች። ፋንታ ዝናቡ ሸራውን ሲደበድበው እየሰማ ብቻውን ቀረ። አበላሸሁት አለ በልቡ። ሰው እህቱን ቀብሮ እንዲህ ያለ ዛዛታ ይነገረዋል? አርባውም ሄደ፣ እኔም ቀለልኩ ብሎ ራሱን ረገመ።

በነጋታው ጠዋት ዝናቡ ሳያባራ ለቀስተኛው መልሶ ሞላ። ብዙው የሰፈር ሰው ነው፤ በእግሩ የመጣ። መሐል ላይ ወፍራም፣ ጨዋ የሆነ፣ መንገዱ ሲከፈትለት የመጣ የቢቸና ሰው ገብቶ ትንሽ ተቀመጠ፤ የሟቿ የአባት ወገን መሆኑን አወራ። ሊሄድ ሲነሣ የፋንታን እጅ ያዘ። ነጭ ብረት ሰዓት አስሯል፤ ሰፍቶት አንጓው ላይ ይሽከረከራል፣ መልኩ ወደ ውስጥ ዞሯል። ፋንታ ዐይኑን ሊመልስ ፈለገ፤ አልቻለም።

«አርባው ቢቸና ነው ሲሉ ሰማሁ» አለ ሰውየው እጁን ሳይለቅ። «እውነት ነው?»

ሴቶቹ ወደ ይርጋነሽ ዞሩ። ይርጋነሽ ከምንጣፉ ተነሥታ፣ ሰዉን እየከፈለች፣ የሸራውን በር ገልጣ ዝናቡ ውስጥ ወጣች። አኩርፋ ነው አሉ። ሐምዱ ራሱን ነቀነቀ። ፋንታ አንገቱን ደፋ፤ ሰውየውም እጁን እንደያዘ ግራ ተጋብቶ ቆመ።

ይርጋነሽ ብዙ አልቆየችም። ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ርሶ፣ ጫማዋ ጭቃ ይዞ ተመለሰች። ወደ ሴቶቹ አልሄደችም። ወንዶቹ መሐል አልፋ ከፋንታ ጎን አግዳሚው ላይ ተቀመጠችና ወደ ጆሮው ጎንበስ አለች።

«የሰውየው መኪና ነጭ ናት» አለችው። «ስሟን እኔ ከየት ላውቀው። ትንሽ ናት፣ አራት በር አላት። የኋላ መብራቷ ተሰብሮ በፕላስተር ለጥፈውታል።»

ከዚያ ቀና ብላ ለቢቸናው ሰው፣ «አርባዋ እዚሁ ከቤቷ ነው፤ ላገሩ ሰው ንገርልኝ» አለችው።

ፋንታ ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበ። እንባውን ሊይዝ ሞከረ፣ አልሆነለትም፤ ሰው ሁሉ እየሰማው እንደ ሕፃን ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ሴቶቹም አብረውት አነሡት። ሰውየው ተሰናብቶ ወጣ። ለቅሶው ገና ሳይበርድ ከሸራው ውጭ ሌላ መኪና መጥቶ ሞተሩ ጠፋ፣ በሩ ተዘጋ። ይርጋነሽ ነጠላዋን ሰብስባ ተነሣችና ወደ ሸራው በር ሄደች።