ሦስት ተወዳዳሪ

ዘጠኝ ዓመት በኮንትራት ነዳሁ። በየዓመቱ ጥቅምት ሲያልቅ ሔለን ቢሮ እገባና ውል እፈርማለሁ። ሔለን የሰው ኃይል ኃላፊያችን ናት፤ በፈረምኩ ቁጥር «ዘንድሮስ ቋሚ ትሆናለህ፣ ጋሽ ዳምጠው» ትለኛለች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው።

መሥሪያ ቤታችን ዲላ ነው፤ የቡና በሽታ ያጠናል። እኔ የሚያጠኑትን ሰዎች ወደ ይርጋጨፌ፣ ወደ ዱመርሶ፣ ወደ ገደብ አመላልሳለሁ። ፒክአፗን ከእኔ ሌላ የሚያውቃት የለም። ሁለተኛ ማርሿ በጉልበት አይገባም፤ ወደ ባዶ መልሰህ፣ ትንሽ ታግሰህ፣ በቀስታ ነው። ጭቃ ላይ ስንቆም ዶክተሩም ማስተሩም ዞሮ የሚያየው እኔን ነው። ስብሰባ ሲጠራ ግን «ቋሚ ሠራተኞች ብቻ» ይባላል፣ እኔም መኪና ውስጥ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

ቋሚነቱን የፈለግኩት ስብሰባ አምሮኝ አይደለም። ሚያዝያ አሥራ ሁለት ቀን ሃምሳ ዓመት ይሞላኛል። ጡረታ የሚወጣው በስልሳ ነው፤ ጡረታ ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ አሥር ዓመት በቋሚነት ማገልገል ያስፈልጋል። ሒሳቡን የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ይሠራዋል። ከሚያዝያ በፊት ቋሚ ካልሆንኩ፣ ስልሳ ሲሞላኝ ቁልፉን አስረክቤ ባዶ እጄን ወደ ቤቴ ነው።

በዚህ ጥቅምት ሔለን ጠራችኝ።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ የሹፌር መደቡ ተፈቀደ።»

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«ማስታወቂያ ግን ይወጣል» አለች። «ያው ለሕጉ ነው። ሦስት ተወዳዳሪ መሙላት አለበት። ካልሞላ ይደገማል፣ ከተደገመ ደግሞ መደቡ ለዓመት ይተላለፋል።»

«ሦስት ሰው አይጠፋም።»

«አይጠፋም። ሰኞ ወደ ገደብ ትወጣ የለ? መንገድህ ስለሆነ በየከተማው ለጥፍልን።»

ሠላሳ ወረቀት ሰጠችኝ። የሳምንቱን የመስክ ትዕዛዝም እዚያው ፈረመችልኝ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ይላል።

እሑድ ማታ ባለቤቴ ውዳሴ ለመለጠፊያ የሚሆን ሙጫ ከዱቄት አበሰለችልኝ። ድስቱን እያማሰለች ከወረቀቱ አንዱን አንስታ አነበበች።

«አንተ ተመዝግበሃል?»

«ፋይሌ እዚያው ነው እኮ። ዘጠኝ ዓመት ውል ያስፈረመችኝ ሔለን ትረሳኛለች?»

«‹ከሰኞ እስከ ዓርብ በአካል ቀርበው› ነው የሚለው።»

«እሱ ለውጭ ሰው ነው።»

«እኔ ወረቀቱ የሚለውን ነው ያነበብኩት፣ ዳምጠው።»

ሙጫውን በጆግ ገልብጣ ሰጠችኝ። ሴትዮዋ ነገር ትወዳለች ብዬ ተኛሁ።

ሰኞ ቢሮ ሳይከፈት ከአንድ የቡና በሽታ ባለሙያ ጋር ወጣን። ወናጎ ለጠፍኩ፣ ይርጋጨፌ ለጠፍኩ፣ ገደብ መናኸሪያው አጠገብ ካለው ሰሌዳ ላይም ለጠፍኩ። የውዳሴ ሙጫ እንደ እሷ ነው፤ አንዴ ከያዘ አይለቅም።

ገደብ ላይ ወረቀቱን በመዳፌ እያስተካከልኩ ሳለ አንድ ሰው ከኋላዬ ቆሞ ያነባል። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ለሚ እባላለሁ አለኝ፤ የሰው አይሱዙ ሲነዳ ኖሮ ባለቤቱ መኪናዋን ስለሸጠ ሥራ ፈትቷል። ሦስት ልጆች አሉት።

«ጋሼ፣ ይቺ ሥራ እውነት ናት? ወይስ ሰው ተይዞላታል?»

የተያዘላት ሰው እኔ ነኝ አይባል ነገር። «እውነት ነው» አልኩት፤ ዓይኑን ግን ማየት አልቻልኩም። እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው እንደሚባለው ነው ያደረግኩት።

ረቡዕ ለሔለን ደወልኩ። «ስንት ሰው ሞላ?» ስላት «ሁለት» አለችኝና መስመሩ ተቋረጠ። ከሁለቱ አንዱን ራሴን አድርጌ ቆጠርኩ። ሦስተኛ ሰው ካልተገኘ ማስታወቂያው ሊደገም ነው፤ ከተደገመ ሚያዝያ ያመልጠኛል። ጨነቀኝ። ለሚን መናኸሪያ አካባቢ ፈልጌ አገኘሁት።

«ለምን አልሄድክም?»

«ዘመድ የለኝም፣ ጋሼ። የመኪናም በከንቱ እከፍላለሁ።»

«ሂድ ስልህ! መንጃ ፈቃድህን፣ የሥራ ልምድህን ዋናውንም ኮፒውንም ያዝ። ቢሮው ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው፤ ሔለን ብለህ ጠይቅ።» ሐሙስ ጠዋት የዲላ መኪና ላይ አሳፈርኩት። መኪናው ሲነሳ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገነኝ። ምስኪን፣ ለእኔ ማሟያ ሊሆን ነው የሚሄደው ብዬ አዘንኩለት። እኔ ነኝ እንግዲህ ያዘንኩለት።

ዓርብ ስንመለስ ባለሙያው ዱመርሶ ላይ «አንድ ማሳ ብቻ እንጨምር» አለ። አንዱ ማሳ አራት ሆነ። ዲላ ስንገባ ቢሮው ተዘግቷል። እኔ ምን አስቸኮለኝ? ፋይሌ እዚያው ነው።

ሰኞ ጠዋት ሔለን ገና በሩን ሳልዘጋ «ጋሽ ዳምጠው፣ ምን ነካህ?» አለችኝ። መዝገቡ ተዘግቶ ተፈርሞበታል። ሦስት ስም አለ፤ የእኔ የለም። ሦስተኛው ለሚ ነው።

«ፋይሌስ?» አልኳት።

«የኮንትራት ፋይል ለቋሚ አያገለግልም። እንደ ማንም በአካል ቀርበህ መፈረም ነበረብህ። ዓርብ በጊዜ የምትመለስ መስሎኝ እስከ አሥራ አንድ ተኩል ጠበቅኩህ።»

«ሳምንቱን ሙሉ መስክ የላክሽኝ አንቺ! ትዕዛዙን የፈረምሽ አንቺ! ወረቀቱን ያስለጠፍሽኝ አንቺ!»

ድምፄ ኮሪደሩ ድረስ ተሰማ። የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ሔለን አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ላስብልህ ይገባኝ ነበር» አለች። «ግን ለአንተ መንገር የማን ሥራ እንደሆነ እኔም አላውቅም። አሁን ስምህን ባስገባ ኦዲት መጥቶ ሁለታችንንም ይበላናል።»

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ወጣሁ። «ለሚቀጥለው መደብ ቅድሚያ እንሰጥሃለን» አለኝ። የሚቀጥለው መቼ ነው ስለው ጣሪያውን አየ።

ለተወዳዳሪዎቹ የመንዳት ፈተና ፒክአፗን እጠባት ተባልኩ። አጠብኳት። ከሦስቱ አንዱ የማርሹን ዘንግ ሊነቅለው ምንም አልቀረውም፤ ሌላው ዳገቱ ላይ አጠፋት። ለሚ ሁለተኛ ማርሽ እምቢ ስትለው አልታገላትም። ወደ ባዶ መለሳት፣ ጠበቀ፣ በቀስታ አስገባት። ሰውዬው ሹፌር ነው፤ ይኼው ነው ያናደደኝ። ሰነፍ ቢሆን ቢያንስ የምሰድበው አገኝ ነበር።

ውዳሴ ነገሩን ስነግራት «ብዬህ ነበር» አላለችም። ራት አቀረበችልኝ፣ «ብላ» አለችኝ፣ ቆይታም «በሬ ካራጁ ይውላል» ብላ ዕቃ ልታጥብ ተነሳች።

ጥቅምት ሠላሳ ሔለን እንደ ልማዷ ጠራችኝ። ወረቀቱ እንደ ልማዱ ጠረጴዛው ላይ ነው። የስድስት ወር ውል ነው፤ «አዲሱን ሠራተኛ መንገዱንና ተሽከርካሪውን ለማለማመድ» ይላል። ዘንድሮስ ቋሚ ትሆናለህ አላለችኝም። ውሉ የሚያበቃበትን ቀን ፈልጌ አነበብኩ፤ ሚያዝያ ሠላሳ ነው። ከልደቴ አሥራ ስምንት ቀን በኋላ። ልቀደው አሰብኩ። ቀድጄስ? በዚህ ዕድሜዬ ማን ይቀጥረኛል? ከእጅ አይሻል ዶማ ብዬ ፈረምኩ፤ ለአሥረኛ ጊዜ፣ በእሷው እስክሪብቶ።

በመጀመሪያው ቀን ወደ ዱመርሶ ወጣን። መሪው ላይ ለሚ ነው፣ እኔ ጎኑ ተቀምጫለሁ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም፤ መንገዱ ከዚያ ሲያዩት ሌላ ነው። ለሁለት ሰዓት መንገድ ምንም እንዳልነግረው ቆርጬ ነበር፤ ወናጎ ሳንደርስ «እዚህ ጋ ፍጥነት ቀንስ፣ ጎርፍ በልቶታል» ስለው ራሴን ሰማሁት።

ይርጋጨፌ ላይ ውኃ ልንገዛ ቆምን። ሰሌዳው ላይ የነበረውን ሁሉ ዝናብ አውልቆታል። የእኔ ወረቀት ብቻ እንዳለ አለች። ሄጄ በጥፍሬ ቧጠጥኳት፤ ጫፏ ብቻ ተነሳ፣ ሌላው አልነቃነቅ አለ። ጥፍሬ እስኪያመኝ ቧጠጥኩ። እንባዬ መጣ፤ ሃምሳ ሊሞላኝ ስድስት ወር ያልቀረኝ ሰውዬ፣ መንገድ ዳር።

ለሚ ውኃውን ይዞ ከኋላዬ ደረሰ፤ ፊቴን አላየም። ወረቀቷን አይቶ ሳቀ።

«ገደብ ላይ ያለችውም አልተነሳችም፣ ጋሼ። ልጆቼን ወስጄ አሳየኋቸው። አንተ ባትለጥፍ፣ አንተ ሂድ ብለህ ባትቆጣኝ እኔ የት አገኛት ነበር? እግዚአብሔር ይስጥህ። ዕድሜና ጤና ይስጥህ።»

ሲመርቁህ ዝም አይባልም።

«አሜን» አልኩት።

ተመልሰን ገባን። ዳገቱ ላይ ሲነሳ እጁን አየሁት። ሁለተኛ ማርሽ ያለ ምንም ድምፅ ገባችለት።