ሳሙና የተቀባው ጋሻ

አንጥረኛው በዚህ ዓለም ላይ የሚያከብረው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ናስንና ራሱን። የቀረውን ሁሉ ከእግር እስከ ራሱ ገላምጦ ያልፈዋል። ግልምጫው በሰፈሩ የታወቀ ነው። ግራ ቅንድቡ ሽቅብ ይወጣል፣ አፍንጫው ይነፋል፣ የታችኛው ከንፈሩ ይንጠለጠላል፤ ከዚያ በኋላ ቃል አያስፈልግም። ሚስቱ በሕይወት ሳለች «ይህን ፊትህን ሱቅህ ቆልፈህበት ና» ትለው ነበር። አንድም ቀን አልቆለፈበትም።

አንድ ልጁ ፀጉር አስተካካይ ላገባ ነው ብላ ስትመጣም የጠበቃት ያው ፊት ነው። «መቀስ ይዞ የሰው ማጅራት ሲዞር የሚውል ሰው ነው አማቼ የሚሆነው?» አላት። ልጅቷ ልብሷን በሻንጣ ከታ አክስቷ ቤት ገባች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ «አባዬ፣ አንድ ቀን ብቻ ፊትህን ሳታጣምም እየው። ያን ቀን እመለሳለሁ» አለችው። ይኸው አራት ወር ሆነ። ቤቱ ጭር ብሏል፤ እሱ ግን ናፈቀችኝ ከሚል ምላሱን ቢቆርጡት ይመርጣል።

በዚህ መሐል የፊልም ሥራ መጣለት። የግሪክ አፈ ታሪክ ነው አሉ፤ ለነገሩ ግሪኮቹ ቢያዩት የእኛ አይደለም ብለው ይምሉ ነበር። የሚበር ፈረስ ቢጠፋ በቅሎ ላይ የስፖንጅ ክንፍ የሰፉ ሰዎች ናቸው። በታሪኩ ውስጥ ፀጉሯ እባብ የሆነ ጭራቅ አለች፤ ዓይን ለዓይን ያያት ሁሉ ድንጋይ ይሆናል። ጀግናው የሚገድላት መልኳን በጋሻው ላይ እያየ ስለሆነ፣ ዳይሬክተሩ መስታወት የሚያስንቅ ጋሻ ፈለገ። የአንጥረኛውን ስም የጠቆመው ደግሞ ያው ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ እሱ የተቀጠረው የላስቲክ እባቦቹን ጭራቋ አናት ላይ ሊለጥፍ ነው። አንጥረኛው ይህን ሲሰማ «ደግሞ ብሎ ብሎ እሱ ይጠቁመኝ!» አለ። ሥራውን ግን ያዘ።

ሦስት ሳምንት ቀጠቀጠ፣ ወለወለ። ቀረጻው የሚካሄድበት መጋዘን ይዞት ሲገባ ሰው ሁሉ እየመጣ ጥርሱን አየበት። ዳይሬክተሩ ግን ካሜራው ውስጥ ገና አንዴ አጮልቆ ጮኸ።

«ካሜራው ይታያል! መብራቱ ይታያል! እኔ ራሴ እታያለሁ! ሳሙና ቀቡልኝ!»

ፊልም ሠሪዎች የሚያብረቀርቅ ነገር ሲያስቸግራቸው ደረቅ ሳሙና ያሹበታል። የመብራት ሠራተኛው አንድ ሙሉ ሳሙና ጨረሰበት፤ የሦስት ሳምንት ልፋት በደቂቃ የድስት ክዳን መሰለ።

«ታዲያ መልኳን በምን ሊያያት ነው?» አለ አንጥረኛው።

«በኋላ በኮምፒውተር እንጨምራታለን፣ አባባ።»

«ኤዲያ!» አለ። ሰዎቹ ምሳ ሲወጡ ጋሻውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ በእጅጌው ሙልጭ አድርጎ ጠረገው። ሲመለሱ ማንም ልብ አላለም፤ ጀግናው ቅንድቡን ሲያስኩል፣ ዳይሬክተሩ በስልክ ሲጨቃጨቅ ነበር። አንጥረኛው ሥራውን ለማየት ካሜራው አጠገብ ተገትሮ ቆመ። «ጀምር!» ተባለ፣ ጋሻው ተነሣ። ፀጉር አስተካካዩ እባብ ቢወድቅ ሊያነሣ ከካሜራው ዕይታ ውጪ ጀግናው እግር ሥር ቁጢጥ ብሎ ነበርና፣ ወደ አንጥረኛው ቀና ብሎ በአክብሮት ፈገግ አለ። አንጥረኛው ሙሉውን ግልምጫ ሰጠው፤ ቅንድብ፣ አፍንጫ፣ ከንፈር፣ ምንም ሳያስቀር።

ፊልሙ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሲመረቅ ለልጁ የመግቢያ ወረቀት ላከላት። የአባቷን ሥራ አይታ በገዛ እግሯ ትመለሳለች፣ እሱም ፊቱን ሳያቃና ይገላገላል ብሎ አስቧል። መጣች፤ ከዚያ ፀጉር አስተካካይ ጋር። በሁለቱ መሐል ተቀመጠች።

አዳራሹ ክንፋሟን በቅሎ ሲያይ ሳቀ። የላስቲክ እባቦቹ ሲወዛወዙ ጭራሽ በሳቅ ፈረሰ። አንጥረኛው ደስ አለው፤ ንቀቱ ልክ ሆኖ ሲገኝ እንደዚያ ነው የሚሆነው። በመጨረሻ ጀግናው ጀርባውን ለጭራቋ ሰጥቶ ጋሻውን አነሣ፣ ናሱም ስክሪኑን ሞልቶ አበራ። መሐሉ ላይ አንድ ፊት ታየ። ሳቁ ቀጥ አለ። አንዲት ሴት «ኡኡ!» ብላ ዓይኗን ሸፈነች፣ አንድ ሕፃን አለቀሰ። አንጥረኛው ራሱ ክው አለ፤ የማን ፊት እንደሆነ የገባው ቆይቶ ነው።

ከፊት የተቀመጠው ዳይሬክተር ዞሮ በሹክሹክታ «ላጠፋው ነበር አባባ፤ ሳየው ግን ከላስቲኳ ጭራቅ ይልቅ እርስዎ ያስፈራሉ» አለው።

አንጥረኛው ወደ ልጁ ዞረ። ሰው ሁሉ ወንበሩን ጨምድዶ ይዟል፤ እሷ ንቅንቅ አላለችም።

«አንቺ አልደነገጥሽም?»

«ለምጄዋለሁ፣ አባዬ» አለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

መብራቱ ሲበራ ፀጉር አስተካካዩ ተነሥቶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ እጁን ዘረጋ። «እንኳን ደስ አለዎት፣ አባቴ።» ልጅቷ እጁን አላየችም። የምታየው የአባቷን ፊት ነበር።

አንጥረኛው ቅንድቡን ሊያወርድ፣ ከንፈሩን ሊሰበስብ ታገለ። ናስ ቢሆን ማቃናቱን ያውቅበት ነበር።