ነጎድጓድና የመጋረጃ ጀርባው ሣጥን

ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ጥርት ያለ እውነት ነው። አንዲት ቃል የተጋነነችበት ከሆነ የጻፈው እጅ ይቆረጥ።

የኮንሰርት አዳራሹን ድምፅ የሚቆጣጠረው ሰው ነጎድጓድ ይባላል። መድረኩ ላይ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ አንድ የብረት ሣጥን አለው። የሣጥኑ ሥራ አንድ ብቻ ነው፤ የዘፋኙን ደረቅ ድምፅ ተቀብሎ፣ ከትልቅ ዋሻ ውስጥ እንደወጣ አስተጋብቶ ይመልሰዋል። ሙያተኞቹ ሪቨርብ ይሉታል። ነጎድጓድ ግን «ልጄ» ነው የሚለው። ደግሞም ይገባዋል! በዚህ ሣጥን ያለፈ ዘፋኝ የያዘው ጉንፋን እዚያው ይለቀዋል። አንድ ጊዜ የአዳራሹ ዘበኛ ማይኩ ፊት ቢያነጥስ፣ ሕዝቡ ከመቀመጫው ተነሥቶ «ይደገም!» እያለ አዳራሹን ቀውጢ አድርጎታል።

እንግዲህ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ከመድረክ ይውረድ ያለው ይህንን ሣጥን ነው።

«ጋሼ፣ አዲሱ የድምፅ መቆጣጠሪያ ሚክሰር ውስጥ ሪቨርብ አብሮ አለ። አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው። ያንን ሣጥን ዛሬውኑ ዕቃ ቤት ያስገቡልኝ» አለ፣ ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል።

የነጎድጓድ ደም ፈላ።

«ያንን ሣጥን? ‹ያንን› አልከው? አንተ ጥርስ ሳታበቅል እኮ ስንቱን ጎልማሳ አስለቅሷል! እንዴት ያለ ድፍረት ነው? ‹አብሮ አለ› ትለኛለህ! ልብስ ሰፊ ጥርስ ልንቀልልህ ቢልህ አፍህን ትከፍትለታለህ?»

«ልዩነቱ አይሰማም እኮ ነው የምልዎት፣ ጋሼ።»

አይሰማም! ዕድሜ ልኩን በጆሮው እንጀራ ለበላ ሰው ነው ይህ የሚባለው! ሣጥኑ ዕቃ ቤት ከገባ፣ እሱም ከተሰበሩት ወንበሮች ጋር አብሮ እንደተቆለፈበት ቁጠረው።

«እንግዲያው ጀርባህን ለመድረኩ ስጥና ስማ» አለ። «ባለቤቴ ትዘፍናለች። መጀመሪያ በሚክሰርህ፣ ቀጥሎ በልጄ። ልዩነቱ ካልታወቀህ ራሴ ተሸክሜ ዕቃ ቤት አስገባዋለሁ።»

«ከታወቀኝስ?»

«ሁለተኛ ስሙን እንዳታነሣ!»

ባለቤቱ የአዳራሹ ዘፋኝ ናት። «ደግሞ ከማን ጋር ገጠምክ፣ አንተ ሰው?» እያለች ከመጋረጃው ጀርባ ወጥታ ማይኩን ያዘች። ወንበሩ ሁሉ ባዶ ነው፤ ከሥራ አስኪያጁና ከአንድ ከበሮ መቺ በቀር ሰው የለም። ነጎድጓድ አዳራሹ መጨረሻ ካለው ሚክሰር ኋላ ተቀመጠ።

በሚክሰሩ ሪቨርብ ዘፈነች። ቃሉ በቃሉ ላይ ተደራረበ፤ ግጥሙ አልለይ አለ።

«ስኳር የተገለበጠበት ሻይ!» ብሎ ጮኸ ነጎድጓድ። ያንን ዘጋና የሣጥኑን ድምፅ ቀስ አድርጎ ከፈተ።

አቤት! ድምፅዋ ተንሳፈፈ፣ ጠራ፣ ጣሪያው ሸሽቶ ከፍ አለላት። ነጎድጓድ ዓይኑን ጨፍኖ ትንሽ ጨመረ፤ ወፈረ። ትንሽ ቀነሰ፤ እንደ ሐር ክር ቀጠነ። ውጭ የቆሙት መኪኖች በየተራ እንባ የመሰለ ውሃ አንጠባጠቡ። የሥራ አስኪያጁ ስልክ ከእጁ ወደቀ።

«ሁለተኛው… ሁለተኛው ሌላ ነገር ነው» አለ ስልኩን ከወለሉ እያነሣ። «በቃ፣ ሣጥኑ ይቆይ።»

«ጋሼ፣ እንግዲህ ዕቃ ቤት የሚገባው ሚክሰሩ ነዋ?» አለ ከበሮ መቺው እየተፍለቀለቀ።

ነጎድጓድ ግን ንዴቱ መች በረደና! ጭራሽ ባሰበት።

«‹ይቆይ› ብሎ ነገር የለም! ሰድበኸው ሲያበቃ ነው ‹ይቆይ› የምትለው? ና፣ ፊቱ ቆመህ ይቅርታ ትጠይቀዋለህ!»

«ሣጥኑን?»

«ልጄን!»

የሥራ አስኪያጁን እጅጌ ጨምድዶ እየጎተተ ወደ መድረኩ አንደረደረው። መጋረጃውን ሊገልጥ ሲል ባለቤቱ መንገዱ ላይ ቆመች። ክንዱን ያዝ አድርጋ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«ተው፣ አታስገባው» አለችው በሹክሹክታ። «ጠዋት የፀጉር ማድረቂያዬን ልሰካ ብዬ ሣጥንህን ነቅዬው ነበር፤ መልሼ አልሰካሁትም። የሰማችሁት የባዶውን አዳራሽ ማስተጋባት ነው።»