ሌንሱ አርጅቷል

ጋሽ ሰብስቤ ሰኞ ጠዋት፣ ፎቶ ቤቱ ሳይከፈት፣ ሠራተኞቻቸውን ሰብስበው አንድ ከባድ ዜና አሰሙ። ረጅሙ ሌንሳቸው አርጅቷል።

ሠራተኞቹ ሁለት ናቸው፤ ፎቶ አንሺው አምሐና ኮምፒውተር ላይ ፎቶ የምታሳምረው ሶፊ። ሁለቱም እንደ ለቀስተኛ አንገታቸውን ደፉ። ባለፈው ሰርግ ሙሽራዋ በእንፋሎት ውስጥ እንደቆመች ሆና መውጣቷን ያውቃሉ። የጋሼ ዓይን መድከሙንም ያውቃሉ። ግን የአየር ጤና ሰፈርን ሕዝብ ግማሹን ሲዳር ላነሱ ሰው ይህን ማን ይነግራቸዋል?

«ሻጋታ ገብቶበታል» አሉ ጋሼ። «እስቲ እዪው።»

ሶፊ ሌንሱን ወደ አምፖሉ አቅንታ አየች። ምንም የለም።

«ውይ፣ አዎ ጋሼ። ዳር ዳሩን ይዞታል።»

አምሐን የጨነቀው የፊታችን እሑድ ነው። የአክስቱ ልጅ ናዝራዊት ቀራንዮ ተክሊል አለባት። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ወደ ሙሽሮቹ መጠጋት ስለማይቻል ያለ ረጅም ሌንስ አይሆንም፤ ረጅሙን ደግሞ ጋሼ ሰርግ ላይ ለማንም አይሰጡም። ፎቶው ከተበላሸ አምሐ አክስቱ ቤት በምን ፊቱ ይሄዳል?

ደግነቱ ጋሼ ለሙከራ አዲስ ሌንስ ተውሰው መጡ። አሮጌው ብረት ነው፤ ቀለበቱን በእጅ ካላዞሩለት ፎከስ የሚባል ነገር አያውቅም። አዲሱ ቀላል ነው፤ ፎከሱን ራሱ ይፈልጋል። አምሐ ልቡ አረፈ። ይሄኛው ለጋሼ ያይላቸዋል።

በአንድ ካሜራ ሁለቱን ሊያወዳድሩ ፎቁ ጣሪያ ላይ ወጡ፤ የሚነሳው ከአደባባዩ ማዶ ያለው የዊዳድ ልብስ ስፌት ታፔላ ነው። ጋሼ አዲሱን ገጠሙና በአውራ ጣታቸው የፎከሱን ማብሪያ አጠፉት።

«ጋሼ፣ እሱ እኮ ራሱ ይፈልጋል» አለ አምሐ።

«እኔ እያለሁ እሱ ምን ቤት ነው?»

ቀለበቱን አዙረው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ አንድ ፎቶ አነሱ።

አምሐ አሮጌውን ገጥሞ እጁ እንደለመደው አነሳ። ስክሪኑን ሲያይ ደነገጠ፤ የታፔላው ስልክ ቁጥር ሳይቀር ቁልጭ ብሏል። ሌንሱ አርጅቷል ያሉት ሰውዬ አጠገቡ ቆመዋል። ቀለበቱን ፈቀቅ አድርጎ ደገመው። አሁን ደህና አድርጎ ተበላሸ። የፊተኛውን ሊያጠፋ ሲል ጋሼ ካሜራውን ከእጁ ወሰዱት።

ታች ሲወርዱ ሶፊ ከመጨረሻው ጀምራ ከፈተች። ጭጋግ።

«ሻጋታው!» አሉ ጋሼ፣ ደስ እያላቸው።

«ሻጋታው ነው» አለች ሶፊ።

ቀጣዩን ከፈተች። ታፔላው ከነቁጥሩ ስክሪኑን ሞላው።

«ይኸው አዲሱ! አያችሁ? የእሑዱ አለቀ!»

«በጣም እንጂ ጋሼ» አለ አምሐ፣ ጫማውን እያየ።

የሶፊ ጣት ግን ልማድ ሆኖበት አንዴ ጨመረ። ሦስተኛ ፎቶ መጣ፤ ጣሪያው ላይ መጀመሪያ የተነሳው ነው፣ ቅድም ከታየውም የባሰ ጭጋግ።

ሶፊ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች።

«አምሐ» አሉ ጋሼ። «አንተ ስንቴ ነው ያነሳኸው?»

«ሁለቴ፣ ጋሼ።»

«እኔ አንዴ ነው» አሉ፣ ወንበር ስበው ስክሪኑ ሥር እየተቀመጡ።