ሾርባ ቀማሹ አያት

ጡረተኛው ፀጉር አስተካካይ ስንቱን ራስ ሲላጩ የማንንም ጆሮ ቆርጠው አያውቁም። እጃቸው የተመሰገነ ነው፤ ምራታቸውን የሚያናድዳት አፋቸው ነው። የልጅ ልጃቸው ሚጢጢ ሾርባ ሲቀርብላት ማንኪያውን ቀድመው ይይዛሉ፣ እፍ ይሉበታል፣ ይቀምሱታል፣ ከዚያ ያጎርሷታል። ሚጢጢም አያቷ ያልቀመሱትን አፏ አታስገባም።

ሚጢጢ አስም አለባት። ደረቷ ሲያፏጭ ከሁሉ በፊት የሚደነግጡት እሳቸው ናቸው።

ሰሞኑን ሆዳቸውን ሲያቃጥላቸው ሰንብቶ ቢመረመሩ፣ የጨጓራ ባክቴሪያ ተገኘባቸው። ሐኪሙ በምራቅም ሊተላለፍ እንደሚችል ነገራቸው። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰሙም። ለካ ልጅቷን ሲያጎርሷት የኖሩት አስም ኖሯል! ሆድ ይፍጀው ብለው ዝም አሉ፤ የሚፈጅ ነገርስ ሆዳቸው ውስጥ መች ጠፋ።

ማታ ከገበታው ራቅ ብለው ተቀመጡ። ሚጢጢ አፏን ገጥማ ሾርባው ቀዘቀዘ።

«አባባ፣ ምነው?» አለች ምራታቸው።

«እህቴ ጋ ልሰንብት ብዬ ነው።» ሻንጣቸው በሩ አጠገብ ቆሟል፤ መቀሳቸውን ሳይቀር በካናቴራ ጠቅልለው ከተውታል።

«በማንኪያው ስለተቆጣሁ ተቀይመውኝ ነው?»

«የምን ቅያሜ። ልጅቷን ያሳመምኳት እኔ ነኝ፣ ልጄ።» ሁሉንም ነገሯት።

በማግስቱ ምራታቸው ሁለቱንም ይዛ ወደ ልጅቷ ሐኪም ሄደች። ሐኪሟ የሰገራ ምርመራ አዘዘች። ሚጢጢም የተሰጣትን ብልቃጥ፣ የልደት ስጦታ ይመስል፣ በሁለት እጇ አስረከበች።

«ባክቴሪያው የለባትም» አለች ሐኪሟ ውጤቱን አይታ። «አስሟ ከእርስዎ አልመጣም። እንዲያውም ባክቴሪያው ያለባቸው ልጆች ላይ አስም ያንሳል የሚሉ ጥናቶች አሉ።»

የሽማግሌው ወገብ ቀና አለ። «ታዲያ ልቅመስላት?»

«ኧረ በፍጹም» ብላ ሳቀች። «የሁለቱ ነገር ገና አልጠራም፤ ጨጓራ ማቁሰሉ ግን የታወቀ ነው። መድኃኒትዎን ይዋጡ፣ ማንኪያዎን ይለዩ።»

«አባባ፣ ከባክቴሪያህ ትንሽ አትሰጠኝም?» አለች ሚጢጢ።

ወደ ቤት ሲመለሱ ከሸክማቸው ግማሹ ብቻ ነበር የቀለላቸው። ልጅቷን አላሳመሟትም፣ ተመስገን። ግን የማይቀምስ አያት ለዚህ ቤት ምን ይሠራል? ሻንጣውን ሊያነሱ ወደ በሩ ቢሄዱ በቦታው የለም። መቀሳቸው ግድግዳው ላይ፣ የወትሮው ምስማር ላይ ተሰቅሏል።

ምራታቸው ከአንድ ድስት በሁለት ሳህን ቀድታ አቀረበች። ከማንኪያዎቹ አንዱ እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል።

«ክር ያለበት የእርስዎ ነው፣ አባባ። ከራስዎ ሳህን ይቅመሱና ፍርድ ይስጡ። ያለ እርስዎ አትበላም፤ እኔም ያለ እርስዎ አልችላትም።»

ሽማግሌው ቀመሱ።

«ጨው ጎድሎታል» አሉ፣ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ።

ሚጢጢ አፏን ከፈተች።