በቲጃኒ ሞተር የተመለሰው ይግባኝ

አቶ ወልደሰማያት በሊሙ ገነት ፍርድ ቤት ፊት ለፊት ተቀምጠው ማመልከቻ ሲጽፉ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው። የሰው ልመና ማሳመር እንጀራቸው ስለሆነ ይሆናል፣ በትሕትና ለለመናቸው እምቢ ማለት አይሆንላቸውም። ላፕቶፑም ይህን ያወቀባቸው ይመስል፣ በጥቅምት ወር ጅማ፣ አወቱ መንደራ ልጃቸው ናርዲ ቤት ሰንብተው ሳለ፣ በከፈቱት ቁጥር አዲሱን ዊንዶውስ በነፃ ይቀበሉኝ እያለ ደጅ ጠናቸው። አራት ቀን ዝም አሉት። በአምስተኛው ቀን ይሉኝታ ያዛቸውና «እሺ» የሚለውን ተጫኑ።

አዲሱ ሲገባ የአማርኛ መጻፊያው አልከፈት አለ። አሮጌ ፕሮግራም ነው፤ የሸጠላቸው ሰው ከሞተ ቆይቷል፣ ሲዲውም የለም። ያለ እሱ ደግሞ የጻፉት ሁሉ የዶሮ ጭረት ሆኖ ነው የሚታየው። ሌላ ሰው ቢሆን በማግስቱ አቤት ይላል። እሳቸው ግን «ይላመዳል» ብለው ወር ሙሉ ጠበቁ። ይህ ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

በዚያ የዶሮ ጭረት ውስጥ የቱሉ ይግባኝ አለ። ቱሉ ከቲጃኒ የቡና መፈልፈያ በታች፣ ወንዙ ዳር የሚኖር ገበሬ ነው። መፈልፈያው ቡና ያጠበበትን የኮመጠጠ ውሃ ወንዙ ላይ ይለቅብናል ብሎ ከሶ፣ ወረዳ ላይ ተረታ። ሃያ ሁለት ገጽ ነው ይግባኙ፤ የሚገባው ጅማ ነው፣ የመጨረሻው ቀን ደግሞ ነገ፣ ረቡዕ። ቱሉ ላፕቶፑን ይዞ ጎህ ሲቀድ በሚወጣው መኪና ሄዶ እዚያ ሊያሳትም ተነጋግረዋል። በእጅ እንደ አዲስ እንዳይጽፉት የአቶ ወልደሰማያት ጣቶች መንቀጥቀጥ ከጀመሩ ሦስት ዓመት አልፏል።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ጨንቋቸው ናርዲ ጋ ደወሉ።

«አባዬ፣ ወደ ድሮው ይመለሳል እኮ» አለች። «ግን የሚሰጥህ ሠላሳ ቀን ነው፤ ዛሬ ያልቃል። መብራት ብቻ እንዳይቋረጥብህ። መሃል ላይ ከጠፋ ያለው ሁሉ ሊሄድ ይችላል።»

መብራት ከሄደ ሁለት ቀኑ ነው። የላፕቶፑ ባትሪም የዛሬ ሁለት ዓመት ሞቷል። በከተማዋ ጄኔሬተር ያለው ባንኩና ቲጃኒ ጋ ነው። የባንኩ ጥበቃ «ትእዛዝ የለኝም» አላቸው። ስለዚህ ይግባኝ የጻፉበትን ሰው ደጅ ሊጠኑ ወደ ወንዙ ወረዱ።

ቲጃኒ ምንም ሳይጠይቅ ሶኬት ሰጣቸው። ማሽኑ የዕለቱን እሸት ቡና እየፈለፈለ ነበር። ናርዲ እንዳለቻቸው ተጫኑት፤ ስክሪኑ ጠቆረና ነጠብጣቦች በክብ መዞር ጀመሩ። ስንት እንደቀረው አይናገርም። ግማሽ ሰዓት ያህል ዞረ። ቡናው አለቀ።

«ጋሽ ወልዴ፣ የጄኔሬተሩን ሞተር ላጠፋ ነው» አለ ቲጃኒ።

«ትንሽ ታገሠኝ። ከጠፋ ይበላሻል።»

«ምን ቢይዝ ነው?»

ለሰው ሲሆን ቃል የማይጠፋቸው ሰውዬ ለራሳቸው አንድ ማለፊያ ውሸት አጡ። «የቱሉ ይግባኝ ነው። ባንተ ላይ።»

«ወላሂ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ይዋሸኝ ነበር» አለ ቲጃኒ። «በእውነትዎ አሰሩኝ፤ ይመለስልዎ። ግን ባዶ ሞተር ናፍጣ አላስበላም። የነገውን ሥራ ዛሬ እንሠራለን።» ዞር ብሎ ሠራተኞቹን በኦሮምኛ አዘዘ። ፓምፑ ተነሣ፣ ቡና የሚዘፈዘፍባቸው ገንዳዎች መክፈቻም ተከፈተ።

ገንዳ የሚታጠበው ረቡዕ ረቡዕ ነው። ከታች ያሉት ሰዎች ይህን ስለሚያውቁ ማክሰኞ ሲመሽ ወርደው ለሁለት ቀን የሚሆናቸውን ውሃ ይቀዳሉ። ለዚህ ነገር አቶ ወልደሰማያት በይግባኙ ላይ አንድ ሙሉ አንቀጽ ሰጥተውታል። አሁን ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ አንድም ሰው አልቀዳም። ቡናማው ውሃ አረፋውን እየገፋ በቦዩ ሲወርድ አዩት። አቁም ቢሉት ቲጃኒ ያቆማል፤ ሞተሩም አብሮ ይቆማል። አፈሩ፣ ግን አልተናገሩም። ዓይናቸውን ነጠብጣቦቹ ላይ ተክለው ሃያ ደቂቃ ተቀመጡ።

አሮጌው ዊንዶውስ ተመለሰ። መጻፊያው ተከፈተ፤ ሃያ ሁለቱም ገጽ ፊደሉ ሳይጎድል ቁልጭ ብሎ ወጣ። ደስ አላቸው፣ ደስታቸውንም መካድ አልቻሉም። ያን ጊዜ ስልካቸው ጮኸ። ቱሉ ነው።

«ጋሼ፣ ዛሬም ለቀቁብን። ማክሰኞ እኮ ነው! ሚስቴ ሶረቲ እንስራ ይዛ ስትወርድ ነው ያየችው፤ ልጆቹ ከወንዙ ከጠጡ በኋላ። ይግባኙ ላይ ይግባልኝ፣ ቀኑም ሰዓቱም።»

«ይገባል።»

«በማን ትእዛዝ እንደተለቀቀም ይጻፍ፣ ጋሼ። ያለ ቀኑ ያስለቀቀው ሰው ስሙ ይጻፍ።»

አቶ ወልደሰማያት ሁለት መስመር ጻፉ። ስሙ የሚገባበት ሦስተኛው መስመር ላይ ቆሙ። ቱሉ አሁንም ስልኩ ላይ ነበር።

«ያስለቀቅሁት እኔ ነኝ፣ ቱሉ» አሉት።