ሁለተኛው ጥያቄ

ኢክራም የምትማረው ቋንቋ ሰላምታ የለውም። ደብረ ታቦር፣ ከገበያው ጀርባ በተከራየቻት ክፍል ጋቢ ደርባ ስትጽፈው ትውላለች፤ የሚያናግራት ግን የለም። እናቷ ከድጃ ከእብናት ደውላ «የማን አገር ቋንቋ ነው?» አለቻት። የኮምፒውተር ነው ብትላት፣ «አይ ልጄ! ከሰው የማያገናኝ ቋንቋ ምን ሊረባ?» ኢክራም ሳቀች። ስልኩ ሲዘጋ ግን ብቸኝነቱ ተመልሶ መጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሕር ማዶ ካሉ ግዙፍ ኮምፒውተሮች ላይ ድርሻ የሚከራዩ ድርጅቶች አሉ። ኢክራም በዚያ ቋንቋ «ይህን የሚያህል ማሽን ይኑር፤ መግቢያው በዚህ በኩል ይሁን፤ መረጃው እዚህ ይቀመጥ» ብላ ትጽፋለች፤ የጻፈችው ተሠርቶ ይቆማል። ከጽሑፉ የሰረዘችው ደግሞ ይፈርሳል። ጽሑፏን የሚያስፈጽመው ፕሮግራም ሥራውን ከመጀመሩ በፊት የተጻፈውንና በእውነት ያለውን አስተያይቶ ልዩነቱን ፊት ለፊት ይናገራል። ይሉኝታ የሚባል ነገር አያውቅም።

አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ለሙከራ ወስዷታል። ሥራዋን ከወደዱት ትቀጠራለች፤ ካልወደዱት ወደ እናቷ የእህል ሱቅ መመለሷ ነው። «የከድጃ ልጅ፣ የተማረችው» እያለ ስሟን በሚያነሳ መንደር ፊት ባዶ እጇን መቆም ከሁሉ በላይ ያስፈራታል።

አለቃዋ ታምራት ጠዋት ጠዋት ይጽፍላታል። «እንዴት አደርሽ? የተቸገርሽበት ነገር አለ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ደህና ነው።»

ደህና አልነበረም። ፕሮግራሙ የመረጃ ማስቀመጫውን አፈርሰዋለሁ ይላታል፤ ለምን እንደሆነ አልገባትም። ጽሑፉን አገላበጠችው፣ ከለሰችው፣ አለቀሰች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል ከልጅነቷ ሰምታለች። ግን እኛ አገር ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ ደህና ነህ ሲሉት መጀመሪያ ያመሰግናል፤ እውነቱ የሚወጣው ደግመው ሲጠይቁት ነው። ታምራት ሁለተኛ ቢጠይቃት ትናገር ነበር። እሱ ግን ደህና ነኝ ካለች ደህና ናት ብሎ ወደ ሥራው ይሄዳል።

የማስረከቢያው ቀን ደረሰ። ፕሮግራሙ «ልቀጥል?» ሲላት አላህ ያውቃል ብላ ቀጥል አለችው። ብዙም ሳይቆይ ታምራት ደወለ።

«ኢክራም፣ መረጃው የለም እኮ።»

«አፈርሰዋለሁ ሲለኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን አልገባኝም» አለች።

«ይህን ስህተት ያልሠራ የለም፤ ብትነግሪኝ በአንድ ቃል ይቃና ነበር። በየቀኑ ጠየቅሁሽ! ከሩቅ ሆኜ የምትነግሪኝን እንጂ ምን አያለሁ?» በድምፁ ቁጣ አልነበረም፤ ይበልጥ የጎዳትም ይኸው ነው። ሙከራው በዚሁ አበቃ።

አመሻሽ ላይ እናቷ ደወለች።

«ደህና ነሽ ወይ ልጄ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«ደህና ነሽ ወይ?»

ኢክራም እንባዋ መጣ። «ደህና አይደለሁም፣ እማ። ሥራውን አጣሁት። ቁጭ ብዬ የማወራው ሰው እንኳ የለኝም።»

ኢክራም ቁጣ ጠበቀች።

«እንግዲያ እኔም ልንገርሽ። ዓይኔን ካመመኝ ሰነበተ። ጤፉን ከእንክርዳዱ መለየት ቢያቅተኝ ሱቁን ዘጋሁት።»

«እማ! ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ደህና ነሽ ወይ ትያለሽ፣ አልሐምዱሊላህ እላለሁ፣ ስልኩን ትዘጊዋለሽ» አለች ከድጃ። «መች ደግመሽ ጠየቅሽኝ?»